መቶ ሃያ ፉርጎ

ኬላዬ ጠባብ ናት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ በዚህ ኑሮ።
ፊሽካው ከሩቅ ሲሰማ ግንዱን አወርዳለሁ፣
ሞተር ነጂውን፣ በጎቹን፣ ዓሣ ሻጯን አቆማለሁ፤
ከዚያ እቆጥራለሁ።
አንድ ቀይ፣ ሁለት ቀይ፣ ሦስት ቀይ…
መቶ ሃያ ጉብታ በብረት ሐዲድ ላይ።
ከቦኬ ወደ ካምሳር፣ ከኮረብታ ወደብ፣
ሲመጣ ተርቦ፣ ሲመለስ በጥጋብ።

አያቴ ተሸክሟል የፈረንሳዩን መነጽር፣
ባለሦስት እግሩን፣ ያን ምድር የሚሰፍር።
ዳገት እያወጣው፣ ውሃ እየቀዳለት
ኮረብታችን ጫፍ ላይ አብሮት የቆመ ዕለት
«ሙት ነው ይህ አፈር፣ ዘር አይዝም» አለና
ወደ ኪሱ ከተተው፣ ቆንጠር አደረገና።

ባንዲራው ወረደ። አዲሱ ሲሰቀል
አባቴ ጨፈረ፣ ጥፍሩ እስኪነቀል።
ሐዲዱ ግን መጣ ከጭፈራው ኋላ፤
ፊቱ ወደ ባሕር ነው፤ ከባሕር ሌላ
መሄጃ አያውቅም።

ፋብሪካ ሊተከል ነው ሲባል ሦስቴ ሰማን፤
ሦስቴ ድንጋይ ጣሉ፣ ሦስቴ ቆረጡ ሪባን።
አንደኛው ድንጋይ ላይ ፍየል ቆማ ትውላለች፣
በሁለተኛው ላይ ማሐዋ ካሹ ታሰጣለች፣
ሦስተኛው የት እንዳለ
የጣለው ሰው እንዳይጠየቅ፣ እሱም ሥልጣን ላይ የለ።

ከኬላዬ ኋላ ሞርላይ ብረት ያቀልጣል፤
የብስክሌት ቸርኬ ወናፉን ያዞራል።
የሞተ ፒስተን፣ የረገፈ የመስኮት ክፈፍ፣
የለስላሳ ጣሳ፣ በየቦዩ የሚንሳፈፍ፣
ልጁ አልሴኒ በጆንያ ለቅሞ ያመጣል፤
ሞርላይ በአሸዋ ቅርጽ ነጩን ፈሳሽ ያፈሳል፣
ወተት የመሰለ፣ ግን ወተት የማይቆጣውን ቁጣ፤
ሲበርድ ብረት ድስት ሆኖ ሊወጣ።
የሰፈሩ ሩዝ የሚበስለው በሱ ነው።

አንድ ቀን አልሴኒ ጣሳ እያገላበጠ
«ባባ፣ ይሄ ፊደል ከየት አገር መጣ?»
«ከዚሁ» አለ ሞርላይ፣ ዓይኑን ከእሳት ሳያነሣ፤
«አፈር ሆኖ ሄዶ፣ ተመለሰ ጣሳ።
መንገዱን አላውቅም። ሂያጁን አያለሁ፤
መጪውን ግን ልጄ፣ በኪሎ እገዛለሁ።»

ያለፈው ክረምት ነው። ሌሊት። ዝናብ ያካፋል።
ከሐዲዱ ስቶ አንድ ፉርጎ ይወድቃል፣
ሆዱን ዘርግፎ ደጄ ላይ ይደፋል።
ባትሪ ይዘው መጡ፣ ተቆጡ፣ ፎቶ አነሡ፤
ፉርጎውን ጎተቱ፣ ክምሩን ግን ረሱ።
ሞርላይ ባልዲ ይዞ መጣ። ከልካዩ እኔ ነበርኩ።
ፋኖሴን ወደ ሌላ ጎን አዞርኩ።

ያን ሌሊት ሦስት ጆንያ ከሰል ነደደ፤
አልሴኒ ወናፉን ሲያዞር ክንዱ ራደ።
አፈሩ ቀላ። ደግሞ ቀላ። ጠቆረ።
አልቀለጠም እንጂ፤ አፈር ነበር፣ አፈር ቀረ።
ጎህ ሲቀድ ሞርላይ ትንሽ ሳቀና
«እሳቴ አነሰ» አለ። ዝም አለና
እጁን አየ። «ወይም እውቀቴ።
ወይም ሁለቱም።»

ልጁ መምህሩን ጠይቆ መጣ ማታ፦
«ወንዝ ነው የሚያቀልጠው፣ ሽቦ ውስጥ የተገታ።
ወንዙማ አለን፣ ባባ።»
«ወንዙማ አለን» አለ ሞርላይ፣ የድስት ከንፈር እየሞረደ።
ሌላ አልተናገረም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ልጁ
ደብተር አይለይም ከእጁ፤
ከእኔ ፋኖስ ሥር ተቀምጦ
ያሰላል፣ ይሰርዛል፣ እርሳሱን በጥርሱ ቆርጥሞ።

እኔም ያን ንጋት መዝገቤን ስሞላ፣
ወጪ፦ መቶ አሥራ ዘጠኝ።
«ምክንያት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ በስተቀኝ፤
«ብልሽት» ነው የሚጻፈው። እጄ ግን ሌላ አሰኘኝ፦

አንዱ እዚሁ ቀረ።